«መነጽሬን ረስቼ ነው»

በዚህ ወር የመረጥኳቸው ደብዳቤዎች አራት ናቸው። ሁሉም የመጡት ከመሀል ከተማ ነው፤ ከአራት ኪሎ፣ ከፒያሳ፣ ከለገሃር፣ ከሜክሲኮ። ሁሉም የሚጠይቁት ስለ ትምህርትና ስለ እንጀራ ነው። አዲስ አንባቢ ካለ፣ እኔ ከአራት ኪሎ ብዙም በማትርቅ አንዲት ትምህርት ቤት 22 ዓመት ማታ ማታ ጎልማሶችን ያስተማርኩ ሴት ነኝ። የመጀመሪያዋ ደብዳቤ እንቅልፍ ስለነሳችኝ ረዘም አድርጌ መልሼላታለሁ። የሌሎቹ ቢያጥር ቅር አይበላችሁ።

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ናት። 41 ዓመቴ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ በጽዳት ስሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ማንበብ አልችልም። ልጆቼ ይህን አያውቁም። ትልቋ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። ደብተሯን ስታሳየኝ ‹መነጽሬን ረስቼ ነው፣ አንቺው አንብቢልኝ› እላታለሁ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። ባለፈው ወር ተቆጣጣሪያችን ለቀቀች። አለቃዬ ‹ሥራውን ካንቺ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ግን ቅጹን መሙላት ትችያለሽ?› አሉኝ። ‹ላስብበትና እነግርዎታለሁ› ብዬ ወጣሁ። ምኑን እንደማስብበት እንጃ። ወረዳ ሄጄ ስጠይቅ ትምህርቱ ሁለት ዓመት ነው አሉኝ። ሁለት ዓመት ማን ይጠብቀኛል? ዕድሜዬስ አላለፈም? — ስሜ ይቆየኝ፣ ከአራት ኪሎ»

መልስ

እህቴ፣ ከመነጽሩ ልጀምር።

ክፍሌ ውስጥ የዚህ መነጽር ዘመዶች ብዙ ነበሩ። «ዓይኔን አሞኛል» የምትል ነበረች። «እጄ ሊጥ ነክቷል፣ አንተ አንብበው» የምትል ነበረች። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ደግሞ ለዓመታት ጋዜጣ በብብቱ ሸጉጦ ይዞር ነበር። ማንም «ማንበብ ትችላለህ ወይ» ብሎ እንዳይጠይቀው ነው። ይህን ሁሉ ዘዴ የሚፈጥር ጭንቅላት ፊደል እንቢ ይለዋል ብትሉኝ አላምንም።

ልጅሽ ግን ታውቃለች። እናቷ ዓይን ላይ አንድም ቀን መነጽር ሳታይ ነው ያደገችው። «ረስቼ ነው» ስትያት ምንም ሳትል የምታነብልሽ ክብርሽን ጠብቃ ነው። እና ምስጢሩን የምትደብቂው ከሚያውቅ ሰው ነው። ዛሬ ማታ ንገሪያት። ትንሿ ስትተኛ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ። የምታስጠናሽ ሰው እቤትሽ አለችልሽ እኮ።

ዕድሜን በተመለከተ፣ 41 ዓመት እኔ ክፍል ውስጥ መካከለኛ ዕድሜ ነበር። በ67 ዓመታቸው የገቡ እናት ነበሩኝ። ምኞታቸው ዳዊትን በራሳቸው ዓይን ማንበብ ነበር። ዳዊታቸውን ደግመዋል።

አሁን ወደ ሁለቱ ዓመት እንምጣ። ወረዳ የነገሩሽ ትክክል ነው። ፕሮግራሙ የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ይባላል። በ2000 ዓ.ም. ከወጣው የጎልማሶች ትምህርት ስትራቴጂ ጋር የመጣ ነው፤ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ስሙን ልብ ብለሽ ስሚው፤ «ተግባር ተኮር» ነው የሚለው። ሐሳቡ ፊደሉን ከሰውየው ሥራና ኑሮ ጋር አብሮ ማስተማር ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ብዙ ክፍል ውስጥ ሲደርስ ተግባሩ ይረሳና ፊደል ገበታው ብቻ ይቀራል። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ። ነገ ለ ሉ ሊ። ጎልማሳው መስከረም ላይ ይመዘገባል፣ ኅዳር ላይ ይጠፋል። እኔም መጀመሪያ የማስተምረው እንደዚሁ ነበር። ተማሪ ሲጠፋብኝ «ደክሟቸው ነው» እል ነበር።

ሐሳቤን ያስቀየረችኝ ልብስ እያጠበች የምትተዳደር ሴት ናት። የፊት ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር። የጣቶቿ ጫፍ ከሳሙናው ብዛት ተጨማዶ ነጥቷል። እርሳሱን አንሶላ እንደምትጨምቅ ሰው ነበር የምትይዘው። አንድ ማታ «ሐ»ን ስትጽፍ ወረቀቱ ተበሳ። ጫፉ ከደብተሩ አልፎ ሌላው ገጽ ላይ ታተመ። እርሳሱን አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ። «መምህርት፣ የማጥብላቸው ሰዎች ስም እዚህ ውስጥ የሚመጣው መቼ ነው?» አለችኝ። ልብስ ይቀያየርባት ነበር ለካ። የአንዱን ቤት ሸሚዝ ለሌላው ታደርስና ካጠበችበት ላይ ይቆረጥባታል። እሷ እዚያ ክፍል የመጣችው ለሦስት ስም ነው። እኔ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሀ፣ ለ፣ ሐ ላይ አስቀምጫታለሁ።

በማግስቱ ቁራጭ ነጭ ጨርቅና እስክሪብቶ ይዤላት መጣሁ። ሦስቱን ስም ጻፍን። በሳምንቱ ማንም ሳይነግራት ለየቻቸው። በወሩ የሌሎቹንም ጻፈች። ሁለቱን ዓመት ሳትጠፋ ጨረሰች።

አንቺም ከቅጹ ጀምሪ። ነገ ሥራ ስትገቢ አንድ ያልተሞላ ቅጽ ይዘሽ ውጪ። ቅጽሽን አላየሁትም። ግን የጽዳት መቆጣጠሪያ ቅጽ ብዙ አይለያይም፤ ላዩ ላይ ቀን፣ ፎቅ፣ ክፍል፣ ሰዓት፣ ሥራ፣ ፊርማ የሚሉ ቃላት ይኖሩታል። ቁጥሩን ቀድሞውኑ ታውቂዋለሽ። ስልክ ትደውያለሽ፣ ብር ትቆጥሪያለሽ። ስለዚህ ከቀኑና ከሰዓቱ ሥር የሚሞላውን ዛሬም መሙላት ትችያለሽ። የቀረሽ ቃላቱ ናቸው።

ቁጭ ብዬ ቆጠርኳቸው። እነዚህ ስድስት ቃላት ውስጥ ያሉት ፊደላት 15 ብቻ ናቸው። ቀ፣ ን፣ ፎ፣ ቅ፣ ክ፣ ፍ፣ ል፣ ሰ፣ ዓ፣ ት፣ ሥ፣ ራ፣ ፊ፣ ር፣ ማ። ገበታው ላይ ግን 33 ፊደል በሰባት ረድፍ ተደርድሮ 231 ሆኖ ይጠብቅሻል። ያንን ግድግዳ ፊት ለፊት አይቶ ማን አይደነግጥ!

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። ከ15ቱ ውስጥ ስምንቱ ሳድስ ናቸው፤ ን፣ ቅ፣ ክ፣ ፍ፣ ል፣ ት፣ ሥ፣ ር። ገበታውን በቅደም ተከተል ለሚማር ሰው ሳድስ ስድስተኛ ላይ ነው የሚመጣው። አማርኛችን ደግሞ ሳድስ በሳድስ ነው። ሳድስ የማያውቅ ሰው «ክፍል» የምትለውን ቃል እንኳ አንብቦ አይጨርስም። የሚያስቸግረውም እሱ ነው። ካዕብ ብዙውን ጊዜ ወገቡ ላይ በስተቀኝ ጭረት አለው፤ ቡ፣ ሙ፣ ሱ። ሣልስ ጭረቱ እግሩ ላይ ይወርዳል፤ ቢ፣ ሚ፣ ሲ። ኃምስ ያቺን ቀለበት ያጠልቃል፤ ቤ፣ ሜ፣ ሴ። ሳድስ ግን ሕግ የለውም። አንዱ አናቱ ላይ፣ አንዱ ጎኑ ላይ፣ አንዱ ወገቡን ሰብሮ ነው የሚለወጠው። እንደ ሰው ፊት አንድ በአንድ መልመድ ነው። ፊት መልመድ ደግሞ ታውቂበታለሽ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያንን ሕንፃ የሚገባና የሚወጣውን ሁሉ ለይተሽ የለ?

ከቅጹ ቀጥሎ ሁለት ቃል ጨምሪ፤ «በረኪና» እና «አሲድ»። ሰባት ፊደል ናቸው። እነዚህን የመረጥኩት በምክንያት ነው። በረኪና ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ሲቀላቀል ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል። እናንተ ዘንድ ደግሞ ሁሉም ነገር በሃይላንድ ላስቲክ እየተቀዳ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። አንቺ በጠረናቸው ትለያቸዋለሽ። ትናንት የተቀጠረችው ልጅ ግን አትለየውም። ተቆጣጣሪ ስትሆኚ የመጀመሪያ ሥራሽ ፕላስተር ቆርጠሽ፣ በእጅሽ ጽፈሽ፣ ሃይላንዱ ላይ መለጠፍ ይሁን።

አለቃሽን ምን ትያቸዋለሽ? እውነቱን። «ቅጹን አሁን አልሞላም፤ መማር ጀምሬያለሁ። ሦስት ወር ይስጡኝ፤ እስከዚያ ከአንዷ ባልደረባዬ ጋር ሆነን እንሙላው» በያቸው። ሰውየው ሥራሽን አይተው የመጡ ሰው ናቸው። እሺ ይላሉ ብዬ ልምልልሽ አልችልም። ግን በሳምንት አራት ማታ ከተማርሽና ቤት ከልጅሽ ጋር ከደገምሽው፣ በሦስት ወር ያንን ቅጽ ትሞይዋለሽ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሁለቱን ዓመት ግን እንዳትተዪው። ቅጹ በሩ ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። የደመወዝ ወረቀት ላይ አውራ ጣትሽን ስታሳርፊ፣ ወረቀቱ ምን እንደሚል የምታውቂው ሰው በነገረሽ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ፣ ሕጉ ለዚህ አስቦበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 ላይ፣ ማንበብ የማይችል ሰው ውል ላይ ያኖረው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። እስክትማሪ ድረስ ይህን ያዢው። ብድር ቢሆን፣ የቤት ኪራይ ቢሆን፣ «እዚህ ጋ አሻራሽን አድርጊልኝ» ያለሽን ሁሉ እሺ አትበዪ።

የእናቴን ነገር ሳልነግርሽ አልለፍ። እናቴ ፒያሳ ጉልት ትሸጥ ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲታወጅ ቀበሌ ጠርቷት ገባች። ያ ዘመቻ በኋላ እስከ 15 ቋንቋዎች የደረሰ፣ ተማሪውም አስተማሪውም በየቀበሌው የዋለበት ትልቅ ነገር ነበር። እናቴና ጎረቤታችን አንድ ቀን ምስክር ወረቀት ተቀበሉ። አንድ ዓይነት ወረቀት፣ አንድ ዓይነት ማኅተም። ከአሥር ዓመት በኋላ ጎረቤታችን ስሟን መጻፍ አቃታት። ጠፋባት። እናቴ ግን አልጠፋባትም። ብልህ ስለሆነች አይደለም። በዚያው ሰሞን የሴቶቹ ዕቁብ ጸሐፊ አድርገው መረጧት። ቅዳሜ ቅዳሜ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ዕጣው ለማን ወጣ ብላ ትጽፍ ነበር። ደብተሩ አሁን እኔ ጋ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ፊደሎቹ እንደ ሰካራም ያዘነብላሉ። መጨረሻው ገጽ ላይ እንደ እሷ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሥራ ያገኘ ፊደል አይጠፋም።

ምዝገባው የሚደረገው ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። መታወቂያሽን ይዘሽ ሂጂ። መስከረም ካለፈም «አልፏል» ቢሉሽ ተመልሰሽ አትውጪ፤ «የማታ የጎልማሶች ክፍል አሁን የሚያስተምረው የትኛው ትምህርት ቤት ነው?» ብለሽ ጠይቂና ራሱ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሂጂ። መምህሯን አግኚያት። ቅጹን አሳያት። የሚቀጥለውን ደብዳቤ ደግሞ ጎረቤትሽ አትጻፍልኝ። ሁለት መስመር ቢሆንም ያንቺው ይሁን።

ጥያቄ

«እህቴ አሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። እዚህ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነበር ያቆመችው። አሁን ‹ኮሙኒቲ ኮሌጅ ገባሁ› አለችኝ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ይባላል። ኮሌጅ እንዴት ገባች? እውነት ነው ወይስ ደስ እንዲለኝ ብላ ነው? እኛ አገርስ እንዲህ ያለ አለ? — ባለ ሱቅ፣ ከፒያሳ»

መልስ

እውነቷን ነው ወንድሜ። አንተን ያደናገረህ «ኮሌጅ» የሚለው ቃል ነው። እኛ ኮሌጅ ስንል 12ኛን አልፎ የሚገባበት ነው። ኮሙኒቲ ኮሌጅ የሚሉት ግን የአካባቢው ሕዝብ ኮሌጅ ነው። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ በፈረንጆቹ 1946 የተቋቋመ ነው። አንዱ ጊቢው ታኮማ ፓርክና እህትህ ያለችበት ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ነው። የሁለት ዓመት ዲግሪ የሚማረው ተማሪ አለ። ከዚያው ኮሌጅ ሥር ደግሞ እንግሊዝኛ ከመጀመሪያው የሚማሩ ጎልማሶች አሉ፤ ሁለተኛ ደረጃን ያልጨረሱ ደግሞ ለጂኢዲ ይዘጋጃሉ። እህትህ ከእነዚህ ከሁለቱ በአንዱ ብትገባ ምንም አይገርምም።

ጂኢዲ አራት ፈተና ነው። ሒሳብ፣ ቋንቋ፣ ሳይንስና የማኅበራዊ ትምህርት። በእያንዳንዱ 145 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረሰ የሚቆጠርበት ወረቀት ያገኛል። የተጀመረው በፈረንጆቹ 1942 ነው፤ ትምህርታቸውን አቋርጠው ለዘመቱ ወታደሮች ታስቦ። እህትህን አበርታት። ፈረቃ ሠርቶ ማታ መማር ቀላል አይደለም። ስትደውልላት ስለ ብር ከመጠየቅህ በፊት ስለ ፈተናው ጠይቃት።

እዚያ አገር በጣም የምወደው ነገር አለ። ዋሽንግተን ስቴት፣ ዋና ከተማዋ ሳትሆን በምዕራብ ጫፍ ያለችው፣ ኮሙኒቲ ኮሌጆቿ ውስጥ አይ ቤስት የሚሉት አሠራር አለ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አስተማሪ ይገባል። አንዱ ሙያውን ያስተምራል፣ ሌላው ንባቡንና ሒሳቡን። ብየዳ ከሆነ ብየዳው ላይ ያለውን ቃል ያነባሉ፤ ነርስ ረዳት ከሆነ የበሽተኛውን የልብ ምት ቆጥረው ይመዘግባሉ። ተማሪው «መጀመሪያ ቋንቋውን ጨርስና ከዚያ ሙያ ትገባለህ» አይባልም። ለልብስ አጣቢዋ እኔ በጨርቅ የሞከርኩትን እነሱ በሥርዓት ያደርጉታል።

እኛ ጋ ነገሩ አለ፣ ግን ተበታትኗል። ንባቡ ወረዳ ትምህርት ቤት ነው። ክፍል የሚቆጥረው የማታ ትምህርት ሌላ ቦታ ነው። ሙያው ደግሞ ተግባረ እድ ነው፣ እንጦጦ ፖሊቴክኒክ ነው። ከሜክሲኮ ተግባረ እድ በር ድረስ በእግር ይኬዳል። ማንበብ ለማይችል ሰው ግን ያቺ መንገድ ሩቅ ናት፤ ማስታወቂያው በሩ ላይ ተለጥፎ ሳያነበው ያልፋል። እኔ ሁልጊዜ የምለው፣ ከፖሊቴክኒኩ አንድ የልብስ ስፌት ወይም የኤሌክትሪክ አሠልጣኝ በሳምንት ሁለት ማታ ወረዳው ክፍል ድረስ ይምጣ። የጎልማሶች መምህሯ አጠገቡ ትቁም። ሜትርና ሴንቲ ሜትርን በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ይማሩት። ሕንፃው አለ፣ አሠልጣኙ አለ፣ ተማሪው አለ። የጎደለው በመካከላቸው ያለው መንገድ ነው። ይህን የሚያነብ የትምህርት ኃላፊ ካለ፣ በእግዜር ልለምነው።

ጥያቄ

«እትዬ፣ 26 ዓመቴ ነው። ዘጠነኛ ክፍል አቋርጬ ወጥ ቤት ገባሁ። ሳህን አጣቢ ሆኜ ጀምሬ ምግብ አብሳይ ሆኛለሁ፤ ስድስት ዓመት አንድ ሆቴል ሠራሁ። አሁን ሌላ ሆቴል ‹ሲኦሲ አምጣ› አለኝ። ኮሌጅ ሳልማር መፈተን እችላለሁ? የድሮው ቀጣሪዬ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ከለከለኝ። ሲቪ ላይስ ምን ልጻፍ? — ከለገሃር»

መልስ

ትችላለህ ልጄ። ሲኦሲ የሚሉት የብቃት ምዘና የተሠራው ለዚሁ ነው። የሚጠይቅህ «የት ተማርክ» ሳይሆን «ምን ትችላለህ» ነው። በሥራ ላይ የለመድከው ሙያም ይመዘናል። በቅድሚያ ከምግብ ዝግጅት የሙያ ደረጃዎች ለየትኛው እንደምትቀርብ ጠይቅ፤ ከዚያ የዚያን ደረጃ ዝርዝር ወረቀት ለምነህ ውሰድ። ምን ምን እንደሚጠየቅ እዚያ ላይ ነው ያለው።

ፈተናው ሁለት ክፍል አለው፤ የጽሑፍና የተግባር። የአንተ ዓይነት ሰው ተግባሩ ላይ አይወድቅም። የሚወድቀው ወረቀቱ ላይ ነው። እጅህ የሚያውቀውን ነገር ወረቀቱ በሌላ ስም ይጠራዋል። ለምሳሌ ወጥ ሠርተህ ሳይበርድ ፍሪጅ እንደማይገባ፣ ውጭ ደግሞ እንደማያድር ታውቃለህ። ወረቀቱ «አደገኛ የሙቀት ክልል ከስንት እስከ ስንት ነው?» ይልሃል። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው፤ ባክቴሪያ ቶሎ የሚራባው እዚያ መካከል ነው። ዶሮ እስከ ውስጡ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። አንተ አጥንቱ ጋ ወግተህ ጭማቂው ሲጠራ «በስሏል» የምትለውን ማለት ነው። ስለዚህ በየቀኑ የምታደርገውን ነገር በደብተር በስተግራ ጻፍ፣ በስተቀኝ ወረቀቱ የሚጠራበትን ስም ጻፍ። አንድ ወር በቂህ ነው።

ስለ ደብዳቤው፣ ቀጣሪህ የመከልከል መብት የለውም። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 ላይ፣ ሠራተኛ ሲለቅ ወይም ሲጠይቅ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ጽሑፍ በነፃ መስጠት አለበት ይላል። ተጣልተህም ወጥተህ ቢሆን ያው ነው። መጀመሪያ በጨዋነት፣ በጽሑፍ ጠይቅ። ማመልከቻህን ሁለት ኮፒ አድርግና አንዱ ላይ «ደርሶኛል» አስብለህ አስፈርም። ብዙ ጊዜ ሰዎች ዐዋጁ ቁጥሩ ተጽፎ ሲያዩት ይለዝባሉ። ካልሆነ የአሠሪና ሠራተኛን ጉዳይ ወደሚያየው የመንግሥት ቢሮ ነው።

ሲቪህ ላይ «ታታሪና ታማኝ ነኝ» አትጻፍ። ሁሉም የሚጽፈው እሱን ነው። ይህን ጻፍ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ስንት ሰው ታበላ ነበር? ስንት ሆናችሁ? የጾምና የፍስክ ምግብ ለየብቻ ትሠራለህ? በጋዝ ነው የሠራኸው በኤሌክትሪክ? የዕቃ ግዢ ታወጣ ነበር? ሽሮውን ለ80 ሰው ስትሠራ ዱቄቱን በምን ትለካለህ? ይህን የሚያነብ ሼፍ ሥራውን የምታውቅ ሰው መሆንህን ይረዳል። አንድ ገጽ ይብቃህ። ስልክህን ሁለቴ አጣራ። አንድ ተማሪዬ አንዲት ቁጥር ተሳስቶ ጽፎ፣ ሁለት ወር ሙሉ የማይጠራ ስልክ ሲጠብቅ ነበር።

ዘጠነኛን ደግሞ እንዳትረሳት። የማታ ትምህርት ግባና ቀጥል። ዛሬ ሳይሆን፣ አዲሱ ሥራ ላይ ተረጋግተህ ፈረቃህን ስታውቅ።

ጥያቄ

«ቤቴ የምትሠራ ልጅ አለች። 19 ዓመቷ ነው፤ ጎበዝ ናት። ማታ ልማር አለችኝ። መከልከሌ አይደለም፣ ግን እራት የሚያቀርብ የለም። ደግሞም ተምራ ትሄድብኛለች ብዬ እፈራለሁ። ምን ትመክሪኛለሽ? — ከሜክሲኮ»

መልስ

ትሄዳለች። ሳትማርም ትሄዳለች። 19 ዓመቷ ነው፤ ዕድሜዋን ሁሉ ያንቺን ሽንኩርት እየከተፈች አትኖርም። ልዩነቱ ከቤትሽ ስትወጣ ምን ይዛ እንደምትወጣ ነው። ጠይቃሽ መማሯ ደግሞ እንደምታከብርሽ ያሳያል፤ ተደብቃ ልትሄድ ትችል ነበር።

ምዝገባው ቀን አብረሻት ሂጂ። መታወቂያ ከሌላት አንቺ ስትኖሪ ይቀላል። ደብተሩን ባለ ሰፊ መስመር ግዢላት፤ ጠባብ መስመር ላይ ጀማሪ እጅ ይጨነቃል። ክፍል የሚያልቀው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሰው ያልበዛበት መንገድ ካለ ልጅሽን ወይ የጊቢውን ዘበኛ ታክሲ መውረጃው ድረስ ላኪላት፤ ቀልድ አይደለም፣ ብዙ ሴት ተማሪ ያቆመችብኝ በዚያ ጨለማ ምክንያት ነው።

እራቱንም ከሰዓት በኋላ ሠርታ ትሄዳለች። አንቺ ታሞቂዋለሽ። የእሷንም ድርሻ ክደኚላት፤ ርቧት ነው የምትመለሰው።